ሳትጠየቅ የመነኮሰችው ይታይሽ

እማሆይ ይታይሽ የሚላት ሰው ካለ ደጄን እንዳይረግጥ። ከልቤ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት የደጎሎ ሴት ለገበያ መጥታ "የእማሆይ ይታይሽ ቤት በየት በኩል ነው?" ብትለኝ፣ "እንዲህ የምትባል ሴት መካነ ሰላም ውስጥ የለችም። ይታይሽ የምትባል የበግ ጸጉር የምትፈትል ሴት ግን አለች፣ ያቻትና!" ብዬ ጮኼባት አሳየኋት። ሴትዮዋ ደነገጠች። ትደንግጥ! እኔ ስናደድ እንኳን የደጎሎ ሰው የገዛ ባሌ አህመዲንም ዱላውን አንስቶ ወደ መስጊድ ነው የሚሄደው።

ራሕማ እባላለሁ። ከይታይሽ ጋር አጥራችን አንድ ነው። እሷ ክርስቲያን ናት፣ እኔ እስላም ነኝ፤ ስጋ አብረን አንበላም እንጂ ክፉውንም ደጉንም አብረን ነው የቻልነው። ስለ ቆብና ስለ ምንኩስና መፍረድ የኔ ድርሻ አይደለም። አላህ ይጠብቀኝ፣ በሰው ሃይማኖት እጄን አልከትም። የምናገረው ስለ ልጇ ነው፣ ስለዚህ ከተማ ሰው ነው። ይሄን ደግሞ ማንም አይከለክለኝም።

ይታይሽ የተወለደችው ከከተማው ቁልቁል፣ ወደ ዓባይ በሚወርደው በኩል ነው። ገና አስራ ሁለት ዓመቷ ሳለ አባቷን ለሚያክል ሰው ዳሯት። ሊያያት የመጣ ለት የአባቷ እንግዳ መስሏት እግሩን አጥባዋለች። ነፍሱን ይማረውና ደብዳቢ አልነበረም፣ ክፉ ቃልም አይወጣውም ነበር ትላለች። ግን አንድ ቀን ጸሐይ እየሞቅን ስንፈትል እንዲህ አለችኝ፦ "ራሕማ፣ ያ ሰውዬ ኩራዙን እፍ ይላል፣ ጉዳዩን ይፈጽማል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። በዚያ ሁሉ ዘመን እጄን እንኳ ይዞት አያውቅም። እኔም ነገሩ ከልጅ ሌላ ጥቅም ያለው አይመስለኝም ነበር።"

ከወለደቻቸው ሁለቱ ተረፉላት፣ በፍቃዱና ሀይማኖት። ደርግ በወደቀ ዓመት ባሏ ሞተ፣ እሷም ልጆቿን ይዛ ወደ መካነ ሰላም ወጣች። ያኔ ነው ጎረቤት የሆንነው። የአገራችንን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ሰው ያለ ባና፣ ያለ በግ ጸጉር ብርድ ልብስ፣ አያድርም። ይታይሽ የበግ ጸጉር ገዝታ፣ አጥባ፣ ፈትላ ለባና ሠሪዎች ትሸጣለች። ጣቷ እስኪሰነጠቅ እየፈተለች በፍቃዱን አስተማረችው። ዛሬ ወረዳ ቢሮ ገብቶ ክራቫት ያስራል፤ በየቀበሌው እየዞረ ሰው ሰብስቦ ስለ ሴቶች መብትና ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ ያስተምራል። ሀይማኖት ደግሞ ቤሩት ሰው ቤት ትሠራለች።

በነዚያ ሁሉ ዓመታት ይታይሽ ወንድ አላየችም። ስትመጣ ገና ጎልማሳ ነበረች፣ መልከ መልካም ነበረች፣ ስንቱ ሽማግሌ ልኮባት ነበር! "ልጆቼን የእንጀራ አባት አይገርፍብኝም" እያለች መለሰች። ያኔ ሁሉም አመሰገናት፣ "ጨዋ ሴት" አሏት። እኔ የመጀመሪያው ባሌ ሞቶ ዘግይቼ አህመዲንን ሳገባ የኔም ልጆች አጉረምርመው ነበር። ከኛም ዘንድ ሁሉም መልአክ አይደለም። ግን ሸሁ ጠሯቸውና "ባል የሞተባትን ሴት ከማግባት ማን ነው የሚከለክላት?" ብለው አፋቸውን አስያዙልኝ። ኒካው ታሰረ፣ ሰው መብሩክ አለ፣ አለቀ። ይኸው ሞቆኝ አድራለሁ። የማፍርበትም ነገር የለኝም።

ወደ ቢሻው ልምጣ። ቢሻው ልብስ ሰፊ ነው። መናኸሪያው አጠገብ ካለ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ይውላል። ሚስቱ የሞተችበት፣ ዝምተኛ፣ ኮቱ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሽማግሌ ነው። ሀይማኖት ከቤሩት የላከችው ቀሚስ ቢሰፋት ይታይሽ ልታስጠብብ ሄደች። ከሚሊኒየሙ በኋላ ባለው ዓመት ነው። ስትመለስ ፊቷ ቀልቷል።

"ምን ሆንሽ?" አልኳት።

"ሜትሩን በወገቤ አዙሮ ቁጥሩን ማንበብ ረሳ" አለችኝ።

"አንቺስ?"

እጇን ከእምብርቷ ዝቅ አድርጋ አስቀመጠች። "እዚህ ጋ ሞቀኝ። ራሕማ፣ እኔኮ ሞቷል ብዬ ነበር።"

"እሰይ! አልሞተማ!" ብዬ ሳቅሁ። እኔ ስስቅ እሷ ማልቀስ ጀመረች። ስድሳ ዓመት ኖራ፣ ስንቱን አምጣ ወልዳ፣ ገላዋ ለራሷም የሚሆን ነገር እንዳለው ያወቀችው ያን ቀን ነው። ይሄ ያስለቅሳል እንጂ ምን ያደርጋል!

ከዚያ ወዲያ በቤቷ ያልሰፋት ቀሚስ አልነበረም። አንዱን ለእጅጌው፣ አንዱን ለዘርፉ እያለች በየገበያው ቀን ወደ በረንዳው ትወርዳለች። ቢሻው ሻይ ያስመጣላታል። አንድ ቀን መርፌ ጣቷን ወጋትና ደሙን ሊጠርግላት እጇን ያዘ፤ ደሙ ከደረቀ በኋላም አልለቀቃትም። መጥታ ስትነግረኝ እንደ ልጃገረድ ነጠላዋን ታኝካለች። "እብድ!" አልኳት፣ እያሾፍኩባት። "እብድ ልሁን!" አለችኝ። እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ቢሻው ጨዋ ሰው ነውና እንደ ወጉ ሽማግሌ ላከ። ለማን? ለልጇ! የስድሳ ዓመት ሴት፣ አርግዛ የወለደችውን፣ ንፍጡን የጠረገችለትን ልጅ "እናትህን ስጠን" ብለው ሊጠይቁት ሄዱ። በፍቃዱ ሽማግሌዎቹን ሶፋው ላይ እንኳ አላስቀመጣቸውም። "እኔ ያለዕድሜ ጋብቻን የምቃወም ሰው ነኝ" ብሎ አላገጠባቸው አሉ። ይቺን ስሰማ ደሜ ፈላ። አስራ ሁለት ዓመቷ ላይ ሲድሯት "ገና ነሽ" ያላት የለም። ስድሳ ሲሞላት "አልፎብሻል" አሏት። ታዲያ ዕድሜዋ መቼ ነበር? እስቲ ንገሩኝ፣ መቼ ነበር?

በማግስቱ ቤቷ መጣ። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ የበግ ጸጉር እየዘረዘርኩላት ነበር።

"እማ፣ ሰው ምን ይላል?"

"ምን ይላል?" አለችው፣ እንዝርቷን ሳታቆም።

"በዚህ ዕድሜሽ ወንድ ለምንሽ ነው? ምን ጎድሎብሻል? እኔ አለሁ፣ ሀይማኖት አለች፣ እህል አለ። ለምንሽ ነው እስቲ?"

"ለምን ይመስልሃል?"

"አይገባኝም።"

"አብሬው ልተኛ ነዋ።"

ወላሂ እንዲህ ነው ያለችው። በፍቃዱ ጆሮውን ያዘ። "ጉድ! ጉድ! እናት እንዲህ ትላለች?" እያለ ተነሳ።

"አንተስ በየት የመጣህ መሰለህ?" አለችው።

እኔ በሳቅ ፈረስኩ። እሱ ግን አኮረፈና ወጣ። ሲወጣ "ይሄ ነገር አይሆንም፣ ሳልሞት አይሆንም" አለ።

ቀጥሎ ሀይማኖት ከቤሩት ደወለች። ያኔ ሞባይል እንደ ልብ አይሠራም፣ ይታይሽ ጉብታው ላይ ወጥታ ነው የምታናግራት፤ እኔም ዳገቱን እየደገፍኳት እወጣለሁ። ልጅቱ እያለቀሰች "እማዬ፣ እዚህ ያሉት የአገሬ ልጆች ቢሰሙ ምን እላለሁ? በርዶሽ ነው? ወፍራም ብርድ ልብስ ልላክልሽ?" አለቻት። ስልኩ ይጮሃልና ሁሉንም ሰማሁት። ብርድ ልብስ! ባና ለሚሠሩት ስትፈትል ለኖረች ሴት ብርድ ልብስ! ይታይሽ "ልጄ፣ ብርድ ልብስ አያቅፍም" ብላ ስልኩን ለኔ ሰጠችኝ። ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይሄ ነው።

ከልጆቿ የባሱት ደግሞ የማኅበሯ ሴቶች ናቸው፣ እኩዮቿ፣ አብረዋት ያረጁት። በለጡ የምትባል አንዲት አለች፣ ምላሷ እንደ ምላጭ ነው። ቤቷ ድረስ መጥታ "አንቺ ምን አግኝቶሽ ነው? እኛስ ሰው አይደለንም? እኛ ችለን የለም እንዴ?" አለቻት። እኔ ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ችለው ነዋ! ስንቱን ሌሊት ግድግዳ እያዩ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ችለው ነው። አሁን አንዷ "እኔስ አልችልም" ስትል የነሱ መቻል ሁሉ ከንቱ ሊሆን ነው። በለጡ ተናደደች እንጂ አላፈረችም። ንዴት ከእፍረት ይለያል፣ እኔ አውቀዋለሁ።

ይታይሽ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ አለች። "በጥር፣ ጥምቀት ሲያልፍ፣ ልጆቼ ቢመጡም ባይመጡም ቢሻውን አገባለሁ" ብላ ቁርጡን ተናገረች። ቢሻውም ቤቱን ኖራ አስቀባ። አልጋም አሠራ፣ ሰፊ አልጋ! አናጺው በየጠጅ ቤቱ እያወራው ከተማው ሁሉ ስለዚያ አልጋ ሲሳለቅ ከረመ። በፍቃዱ ቢሮ የገባ ሰው ሁሉ በልቡ አልጋውን እያየ የሚስቅበት መሰለው። ቢሳቁበትስ! እኔ ምን አገባኝ!

ኅዳር ላይ ቆላ ያለ ዘመዷ ሞተና ይታይሽ ለለቅሶ ወረደች። ስትመለስ ወባ ይዟት መጣች። ጤና ጣቢያ ተሸክመን ወሰድናት። ነርሷ ደሟን አስመርምራ "ወባ ነው፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ትውሰድ እንጂ ትነሳለች" አለች። በፍቃዱም ነበር፣ እኔም ነበርኩ፣ በጆሯችን ሰማን። ቤት ከገባች በኋላ ግን ትኩሳቱ ባሰባት። ትዘባርቃለች፣ የሞተች እናቷን ትጠራለች፣ ሰው አትለይም። እኔ አጥሚት ልሠራላት ወደ ቤቴ ገባሁ። ስመለስ ቤቱ ሰው ሞልቷል። የነፍስ አባቷ፣ መነኩሴ ናቸው፣ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። በለጡ መቀስ ይዛለች።

በነሱ ወግ የሚሞት ሰው ነፍሱ እንድትድን በመጨረሻው ሰዓት የሚመነኩስበት ጊዜ አለ። አውቀዋለሁ፣ ስንቱ ጎረቤቴ እንዲያ ሆኖ አልፏል። ግን ጠይቆ፣ ለምኖ፣ እያለቀሰ ነው የሚቀበለው። ጠይቆ!

"ምን እያደረጋችሁ ነው?" አልኩ።

"እትዬ ራሕማ፣ እማ እየሞተች ነው" አለኝ በፍቃዱ። ያለቅሳል። ዕንባው የውሸት ነው አልልም።

"ነርሷ ትነሳለች ብላ የለም እንዴ? አንተም ሰምተሃል'ኮ!"

አባ ወደሱ ዞረው "ፈቅዳለች ወይ ልጄ?" አሉት።

"ፈቅዳለች አባ። በሷ ፈንታ እኔ ቃል እገባለሁ።"

"ኧረ ራሷን አታውቅም! ስሟን ጠይቋት እስቲ! ስሟን ከነገረቻችሁ እኔ ምላሴ ይቆረጥ!" ብዬ ጮህኩ።

"እትዬ፣ አንቱን እናከብራለን፣ ይሄ ግን የኛ ጉዳይ ነው" አለኝ። በለጡ ክንዴን ይዛ ወደ በሩ ገፋችኝ። አጥሚቱ እጄ ላይ ተደፋ። ከደጅ ቆሜ የመቀሱን ድምፅ ሰማሁ። ያን የመሰለ ሽበት የወረደበት ጸጉር፣ ቢሻው "እንዳትቆረጪው" ብሎ የለመናትን፣ ቆረጡትና ቆቡን ደፉባት።

ቆብ ደግሞ እንደ ጨው ከጎረቤት አይበደርም። አዲስ ነበር፣ ከነእጥፋቱ። ማን ገዛው? መቼ ገዛው? ሳትታመም ነው የተገዛው እላለሁ፣ ማንም ቢምልልኝ አላምንም። ልጇ ቢቆጣት፣ ሴት ልጇ ብታለቅስባት፣ ሰው ቢስቅባት እምቢ ያለችውን ሴት፣ ወባ ሲጥላት አገኟት።

ነርሷ እንዳለችውም ከጥቂት ቀን በኋላ ትኩሳቱ ለቀቃት። እኔ ነበርኩ አጠገቧ። ዓይኗን ገለጠች፣ ውሃ ጠጣች፣ እጇን ወደ ራሷ ሰደደች። ደጋግማ ዳበሰችው።

"ራሕማ፣ ጸጉሬስ?"

እኔ፣ ይሄ ሁሉ አፍ ያለኝ ሴትዮ፣ ውሃውን ደግሜ ወደ አፏ አስጠጋሁላት። በፍቃዱ ገባና ተንበርክኮ ጉልበቷን ሳመ። "እንኳን ማርያም ማረችዎት እማሆይ" አላት። ከኋላዋ ሌላ ሰው ያለ መስሏት ዞር አለች። ከኋላዋ ግድግዳ ነው ያለው። እናቱን፣ "አንቺ" እያለ ያደገባትን እናቱን፣ "አንቱ" አላት። በክብር ገደላት እላችኋለሁ።

ለመዳን በቅታ መራመድ እንደቻለች መጀመሪያ የሄደችው አባ ዘንድ ነው። እኔ ከቤተክርስቲያኑ አጥር ውጭ ጠበቅኋት፤ የሆነውን ኋላ ነው የነገረችኝ። "አባቴ፣ እኔ ቃል አልሰጠሁም፣ አላወቅሁም" ብትላቸው "ልጅሽ ፈቅዳለች ብሎኝ አምኜው ነው" አሉ። "አሁንማ ሰምተዋል፣ አልፈቀድኩም" አለች። አንገታቸውን ደፍተው "የተባረከ ቆብ አይጣልም። እግዜር በበሽታ ጠርቶሽ ይሆናል፣ በጸጋ ተቀበይው" ብለው መለሷት። ስትወጣ እግሯን ትጎትታለች። "ራሕማ፣ እኔ እግዜርን እፈራለሁ" አለችኝ። ምን ልበላት? አላህን የሚፈራ ሰው ላይ እንዴት እጮሃለሁ? ክንዷን ደግፌ ወደ ቤት ወሰድኳት።

ቢሻው መጣ። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ። ይታይሽ በሩ ላይ ቆቧን ደፍታ ቆማለች።

"እንደምን አሉ እማሆይ?" አላት።

"አንተም?" አለችው።

እሱ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል። "ኃጢአት ነው አሉኝ። መነኩሲት የተመኘ ይረገማል አሉኝ። ምን ላድርግ?" አለ።

"ወንድ ሁን!" አልኩት እኔ። "አንተ ፈሪ! አልፈቀደችም'ኮ! ሳታውቅ ነው'ኮ!" እሱ መሬት መሬት እያየ ሄደ። ይታይሽ "ተይው ራሕማ፣ እሱም ሰው ነው" አለችኝ። እኔ አልተውኩትም። እስከ ዛሬም አልተውኩትም።

ከተማው ግን ደስ አለው። ያ ሲሳለቅባት የነበረ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ይስም ጀመር። በለጡ "እንኳን ተገላገልሽ እታለም" አለቻት። ከምን እንደተገላገለች አልነገረቻትም። አንድ ቀን ይታይሽ ቆቡን ትታ በነጠላ ብቻ ገበያ ብትወጣ ባና ሠሪዎቹ ፈትሏን አንገዛም አሏት፤ "ቆብ የጣለች ሴት የፈተለችውን ለብሶ ማን ያድራል?" ብለው። ቤቷ ገብታ መልሳ ደፋችው። በፍቃዱም በስብሰባው ላይ ስለ ሴቶች መብት ማስተማሩን ቀጠለ። አንድ ጊዜ ከኋላ ተቀምጬ ሰማሁት፣ ጥሩ ይናገራል። "ማንኛዋም ሴት ያለፈቃዷ" እያለ ሲጀምር ተነስቼ ወጣሁ፣ አለዚያ ወንበር እወረውርበት ነበር።

አሁን ስሙኝ፣ እውነተኛው ንዴቴ ገና ነው የሚመጣው።

ፋሲካ አለፈና ሽማግሌዎቹ፣ እነዚያው ሽማግሌዎች፣ ቢሻው ዘንድ ተቀመጡ። "ወንድ ልጅ ብቻውን አይሆንም" አሉት። "ቤትህ ቀዝቅዟል" አሉት። የሻለም የምትባል ከዓረብ አገር የተመለሰች የኩታበር ልጅ አመጡለት። ሠላሳ ዓመቷ ነው፣ እሱ ሰባ ሊሆነው ነው። ልጅቱን ምንም አልላትም፣ ምን በወጣት። ግን አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ "በዚህ ዕድሜህ ሴት ለምንህ ነው?" ብሎ ጠየቀው? "ለንስሐ ጊዜ አይበቃህም" አለው? የራሱ ልጆች ከደሴ በግ ጭነው መጡ! አናጺውም ስለ አልጋው ሲያወራ አሁን "ጀግና" እያለ ነው። እኔ ይሄን ሁሉ ስሰማ እህል አልወርድልሽ አለኝ።

የባሰው ደግሞ በለጡ ይታይሽ ዘንድ መጥታ "እማሆይ፣ እሑድ ሙሽሮቹን አንቱ ይመርቁልን፣ የመነኩሲት ምርቃት ይደርሳል። ደግሞም ቂም እንደሌለ ሰው ያያል" አለቻት። እኔ ብድግ አልኩ። "አንቺ ሴትዮ፣ የሰው ቁስል ላይ እንጨት ትሰድጃለሽ?" ብዬ ልይዛት ስል ይታይሽ በእጇ መለሰችኝ።

"እመጣለሁ" አለች።

ስትወጣልን "አብደሻል?" አልኳት። "ልትመርቂያቸው? አንቺ?"

"ምርቃት ነው የጠየቁኝ፣ እመርቃለሁ። አንቺም ነይ" አለችኝ።

እሑድ ሄድኩ። ለእስላሞች ለብቻ የታረደበትና የተቀመጠበት ዳስ አለ፣ እዚያ ከአህመዲን ጋር ተቀመጥኩ፤ መሐሉ ክፍት ነው፣ ሁሉ ይታያል። ቢሻው በአዲስ ኮት፣ የሻለም በነጭ ቬሎ ተቀምጠዋል። በፍቃዱ ከክብር እንግዶች ጋር ክራቫቱን አስሮ ከፊት ነው። ይታይሽ ስትገባ ዳሱ በሙሉ ተነሳላት። ቢሻው ብቻ ዓይኑን ወደ ጫማው አደረገ። "እማሆይ ይመርቁ!" አለ አጋፋሪው።

እሷ ከመሐል ቆመች። ድምፅዋ መጀመሪያ ቀጭን ነበር።

"ቤታችሁን እህል ይሙላው።"

"አሜን!" አለ ዳሱ።

"ከክፉ ዓይን ይሰውራችሁ።"

"አሜን!"

"ወልዳችሁ ሳሙ፣ ዘርታችሁ ቃሙ።"

"አሜን!"

የምርቃትን ነገር ታውቁታላችሁ፣ አፍ ከጆሮ ይቀድማል። ሰዉ ስጋውን እያኘከ፣ ብርሌውን እያነሳ "አሜን" ይላል። እሷም ፍጥነቷን ጨመረች።

"ብርድ ሌሊት ብቻችሁን አያሳድራችሁ።"

"አሜን!"

"ስታረጁ ገላችሁን እንደ እንጨት የሚያይ ሰው አይስጣችሁ።"

"አሜን!"

"ሳትሞቱ የሚቀብራችሁ ልጅ አይውጣላችሁ።"

"አሜን!" ግማሹ ነው አሁን ያለው። በፍቃዱ ቀና አለ።

ድምፅዋ ከፍ አለ፣ እንዲህ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። "ለቢሻው በሰባ ዓመቱ የምታቅፈው ሚስት የሰጠ አምላክ፣ ለኔም፣ ለይታይሽ፣ በስድሳ ዓመቴ የሚያቅፈኝ ባል ይስጠኝ!"

"አሜን!" አለ ዳሱ።

ከዚያ ምን እንዳለ ሰማው። ጉርሻው አፍ ላይ ቀረ። በለጡ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አባ ከመቀመጫቸው ሊነሱ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። ቢሻው ማልቀስ ጀመረ፣ ሙሽራዋ እሱንም ይታይሽንም ታያለች።

"አሚን!" አልኩ እኔ ከእስላሞቹ ዳስ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ። አህመዲን ቀሚሴን ጎተተኝ። "አሚን! አሚን!" አልኩ ደግሜ።

ይታይሽ ወደ ልጇ ሄደች። እንደ ሕፃን ቁልቁል አየችው። ቆቧን በሁለት እጇ አወለቀችና ከጉልበቱ ላይ አኖረችው። አጭሩ ሽበቷ ለሰው ሁሉ ታየ።

"ቃሉን የሰጠኸው አንተ ነህ ልጄ" አለችው። "አንተው ጠብቀው።"